ያኮረፈች ካሜራ

አሮጌ ዲጂታል ካሜራ "ሞታለች" ተብላ ስትመጣልኝ ቶሎ አላምንም። ባለሙያ ምናምን አይደለሁም፣ ቀን ቀን ቢሮ ተቀምጬ ኤክሴል የምሞላ ሰው ነኝ፣ ግን ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ "አንቺ እኮ እንዲህ አይነት ነገር መነካካት ትወጃለሽ" እያለ ከቁምሳጥን ጥግ ያገኘውን ያመጣልኛል እና ከመጡት ውስጥ እውነትም የሞቱት ጥቂት ናቸው። የቀሩት ወይ የሚበቃቸው ሀይል አላገኙም፣ ወይ የማይስማማቸው ሚሞሪ ተከቶባቸዋል፣ ወይ ሌንሳቸው ዙሪያ አሸዋ ገብቷል። ሰውን የሚያሳስተው ስክሪኑ ላይ የምትመጣዋ አንዲት መስመር ጽሁፍ ናት፣ እሷን ሁሉም ሰው እንደ ላብራቶሪ ውጤት አምኖ ይቀበላታል። ካሜራ ግን የሚጽፈው የደረሰበትን እንጂ ያመጣበትን አይደለም። "ባትሪ ቀይሩ" ሲል ባትሪው ገና ትናንት የተገዛ ሊሆን ይችላል፣ "ሌንስ ኤረር" ሲል ጥፋቱ የድንጋዩ ሊሆን ይችላል፣ "ካርድ ኤረር" ሲል ደግሞ ካርዱ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ካሜራው ነው የማያውቀው።

ሰሞኑን ያስቸገረችኝ የአክስቴ ካሜራ ናት። አክስቴ ቤይሩት ስትሰራ ማዳሟ አዲስ ሲገዙ አሮጌዋን ለሷ ሰጧት፣ እ.ኤ.አ. የ2005 ምርት፣ ብርማ፣ 5 ሜጋፒክስል፣ ሁለት ደብል ኤ ድንጋይ የምትበላ። ለሚሊኒየሙ ስትመጣ ይዛት መጣች እና ያኔ ዘመድ ውስጥ ዲጂታል ካሜራ ያለው ሰው እሷ ብቻ ስለነበረች መስከረም 1 ቀን 2000 ጠዋት ሁላችንም ግድግዳ ተደግፈን ተሰለፍን። ፎቶዎቹ ጥግ ላይ በብርቱካናማ 2007/09/12 የሚል ቀን አለባቸው፣ አገር ምድሩ እንኳን ለ2000 አደረሳችሁ እየተባባለ ካሜራዋ 2007 ላይ ናት። ሰዓቱማ የባሰ ነው፣ አክስቴ በሀበሻ አቆጣጠር ስለሞላችው ጠዋት 3 ሰዓት የተነሳው ሁሉ ሌሊት የተነሳ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ኮምፒውተር ላይ ዝርዝሩን ላየ ሰው ቤተሰቡ በሙሉ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነጭ በነጭ ለብሶ ዶሮ የሚበላ ይመስለዋል።

ታዲያ አሁን ቲክቶክ ላይ አሮጌ ካሜራ ፋሽን ሆኗል አይደል፣ ልጆቹ በስልክ የማይገኝ "ቫይብ" አለው ይላሉ (የድሮዎቹ ሲሲዲ ሴንሰር፣ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል ማለት ነው፣ ቀለሙ በጣም ያምራል ምናምን ይባላል፣ እኔ ግን ግማሹ ሚስጥር ፊት ላይ ቦግ የሚለው የፍላሽ መብራት ነው ባይ ነኝ)። የአክስቴ የመጨረሻ ልጅም ከሻንጣ ውስጥ አውጥታ ልታስነሳት ስትታገል ሰነበተች። በኋላ አክስቴ ደወለችልኝ፣ "አንቺ ልጅ፣ ካሜራዬን ገደሉብኝ መሰለኝ፣ እሷስ ትቅር፣ ውስጧ እማማ ስትስቅ ያነሳኋት አለች፣ እሷን ብቻ አውጪልኝ" አለች። እማማ አያቴ ናት። ካሜራ ሲደቀንባት ፊቷን የምታጠቁር ሴትዮ ስለነበረች ስትስቅ የሚለው ነገር ቀላል አልነበረም።

መጀመሪያ የማየው ሁሌም ድንጋዩን ነው። ካሜራዋ ስትከፈት ሌንሷ ግማሽ መንገድ ይወጣል፣ ስክሪኑ ቦግ ይላል፣ "ባትሪ ቀይሩ" ትልና ጭልም። ልጅቷ "አዲስ ነው እኮ የገባው" አለች፣ እውነቷን ነው፣ ከሰፈር ሱቅ የተገዛ አዲስ ድንጋይ ነው። ግን ያ ርካሹ ድንጋይ ዚንክ ካርቦን የሚባለው አይነት ነው፣ ለሬዲዮ፣ ለግድግዳ ሰዓት፣ ለሪሞት የተሰራ። ቀስ እያለ ትንሽ ትንሽ ሲሰጥ ይኖራል፣ ካሜራ ግን ሌንሱን የሚገፋ ሞተር፣ ስክሪን እና ፍላሽ የሚሞላ ሰርኪዩት በአንዴ ሲጠይቁት አቅም ያጥረዋል፣ ቮልቴጁ ቁልቁል ይወርዳል፣ ካሜራዋ ደግሞ ቮልቴጅ ወረደ ማለት ባትሪ አለቀ ማለት ነው ብላ ትዘጋለች። ያንኑ "ያለቀ" ድንጋይ አውጥታችሁ የግድግዳ ሰዓት ውስጥ ብትከቱት ወራት ይሰራል። ገጠር ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣ የለ፣ ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ስለሚዘራ ለሬዲዮ ዜና ይበቃል፣ ለካሜራ ሞተር ግን አይሞከርም። አልካላይን የሚል የተጻፈበት ይሻላል፣ ከሁሉም ግን የሚሻለው ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው። ላዩ ላይ 1.2 ቮልት ስለሚል ሰው ይንቀዋል፣ ተራው 1.5 ነዋ፣ ግን ይሄኛው ሲጫኑት አይወድቅም፣ 1.5 የሚለው ደግሞ ሞተሩ ሲነሳ ከ1.2 በታች ይወርዳል። ከገዛችሁ አራት ግዙ፣ ሁለቱ ቻርጅ ላይ ሁለቱ ካሜራ ውስጥ።

ድንጋይ ቀይሬም ማን ሰምቶኝ። በሩን በደንብ ከፍቼ በስልኬ መብራት ሳይ አንደኛዋ ስፕሪንግ ስሯ ላይ ነጭ እና አረንጓዴ የሆነ ቅርፊት ይዛለች፣ ድሮ የፈሰሰ ድንጋይ። ሰው ሁሉ ሎሚ ይላል፣ ሎሚ ትክክል የሚሆነው የፈሰሰው አልካላይን ከሆነ ነው፣ ምክንያቱም የሚያፈሰው ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ አሲድ ያረክሰዋል፣ አቼቶም ይሆናል። የዚንክ ካርቦኑ ግን ራሱ አሲድነት አለው፣ ለሱ የሚሻለው ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ በጥብጦ ነው። የቱ እንደፈሰሰ ካላወቃችሁ አንዱን በጥጥ ነካ አድርጋችሁ እዩ፣ ቀስ ብሎ ቡልቅ ቡልቅ የሚል አረፋ ከታየ ያገኛችሁት እሱን ነው። የአክስቴ ካሜራ ለአቼቶ ነው የመለሰችው። የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ጫፉን ብቻ አረጠብኩ፣ ቅርፊቱ እየለቀቀ ጥጡ ሰማያዊ መሰለ፣ ከስር የስፕሪንጉ ብረት እዚህም እዚያም ተበልቶ ወጣ፣ ከዛ በአልኮል ጠርጌ እስኪደርቅ ተውኩት። አንድ ሰው የማያየው ነገር ደግሞ በሩ ላይ አለ፣ ሁለቱን ድንጋዮች የምታገናኘዋ ቀጭን ብረት በሩ ውስጠኛ ክፍል ላይ ናት፣ የበሩ የፕላስቲክ ጥርስ ከተሰበረ በሩ የተዘጋ እየመሰለ ብረቷ አትነካም። ባለ ደብል ኤ ካሜራ ላይ ይሄ በጣም የተለመደ ነው። የሷ ጥርስ ግማሹ የለም፣ እና የብር ማሰሪያ ላስቲክ ጠምጥሜባት ነው የበራችው። መልኳ አያምርም፣ ግን በራች።

በራችና ወዲያው "ሌንስ ኤረር"። ሌንሱ ወጣ፣ ግጭ የሚል ድምጽ አሰማ፣ ቆመ። እዚህ ላይ ነገሩን ብትረዱት ጥሩ ነው፣ ካሜራዋ ስትነሳ ሞተሩን ታዘዋለች፣ ሌንሱ የተባለው ቦታ መድረሱን የሚነግራት ትንሽ ሴንሰር አለ፣ በጊዜው ካልደረሰ ዘግታ ትተኛለች። ለምን እንዳልደረሰ አታውቅም። ድንጋዩ ደክሞ ይሁን፣ አሸዋ ይዞት ይሁን፣ ወድቃ ጥርሷ ተሰብሮ ይሁን ለሷ አንድ ናቸው። ለዚህ ነው ሌንስ ኤረር ያለችውን ካሜራ ሁሉ መጀመሪያ በደህና ድንጋይ መሞከር ያለባችሁ።

ድንጋዩን ስለጨረስኩ አንድ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ፒያሳ የነበሩ ካሜራ ሰሪ ናቸው፣ በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ሌላ ቦታ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይተው አሁን በብዛት የሚሰሩት ሰዓት እና መነጽር ነው። ካሜራዋን ላስቲኳን አይተው ፈገግ አሉ፣ ከዛ ማብሪያውን አልነኩትም፣ ፎቶ ማያዋን ቁልፍ ተጭነው ያዙ። ስክሪኑ በራ፣ ሌንሱ ንቅንቅ አላለም።

"አየሽ ልጄ፣ ጭንቅላቷ ደህና ነው። የያዛት አፏ ነው።"

"ይከፈታል ታዲያ ጋሼ?"

"መክፈቱስ ይከፈታል፣ ከተከፈተ በኋላ ማን ይገጥመዋል? መጀመሪያ አፏን አራግፊ።"

ይቺን ነገር ብዙ ሰው አያውቃትም፣ በፎቶ ማያው በኩል ከተነሳች ሌንስ መውጣት አያስፈልጋትም፣ ስለዚህ ሌንሷ የታሰረባት ካሜራም ብትሆን ሚሞሪዋን ታያላችሁ፣ ሜኑዋን ታስተካክላላችሁ፣ ስክሪኗን ትሞክራላችሁ። ማራገፉን ደግሞ እንዲህ ነው ያሳዩኝ፣ የሱፐርማርኬት ደረሰኝ (ያ ቀጭኑ ወረቀት) በቀጭኑ ተቆርጦ በሌንሱ ቀለበት እና በአካሏ መሀል ባለው ክፍተት ይገባል፣ ሌንሷ ወደ መሬት እንዳየች ቀስ እያሉ ዙሪያውን መጥረግ፣ ከዛ ማብራት፣ ስትታገል በጣት ጎኗን መታ መታ ማድረግ። በጉልበት መጠምዘዝ የለም፣ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ፕላስቲክ ናቸው። ከስር ነጭ ወረቀት አንጥፈው ነበር፣ እሱ ላይ ጥቁር ጥቁር ፍሬ ጠብ ጠብ አለ። አክስቴ በኋላ ስነግራት "የላንጋኖ አሸዋ ነው" አለች፣ ስንቴ ላንጋኖ እንደሄደች እሷ ታውቃለች። ሌንሱ ወጣ። ዙሙ ግን መሀል ላይ ሲደርስ አሁንም ይንቀጠቀጣል፣ ጋሼ "ዙሙን ተይው፣ ጠጋ ብለሽ አንሺ" ብለው ለመክፈት እምቢ አሉ፣ ገንዘብም አልተቀበሉም።

አሁን ሚሞሪው። ልጅቷ መጀመሪያ የገዛችው 32 ጊጋ ነው፣ ካሜራዋ "ካርድ ኤረር" አለቻት፣ ሱቅ ሄዳ በሌላ ቀየረች፣ አሁንም ኤረር፣ ባለሱቁን ተጣላች። ባለሱቁ የለበትም ባክሽ። ተራው ኤስዲ ካርድ የሚያልቀው 2 ጊጋ ላይ ነው፣ ከ4 እስከ 32 ያለው ኤስዲኤችሲ ይባላል፣ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፣ ከዛ በፊት የተሰራች ካሜራ እንዲህ አይነት ካርድ ይመጣል ብሎ የነገራት የለም። ቅርጹ አንድ ስለሆነ ይገባል፣ መግባቱ ነው ሰውን የሚያታልለው። ችግሩ ዛሬ 2 ጊጋ ካርድ ሱቅ ብትጠይቁ ይስቁባችኋል። መፍትሄው ያለው ቤታችሁ ነው፣ በባለ ቁልፍ ስልክ ዘመን ዘፈን የሚጫንባት ትንሿ ሚሞሪ ትዝ ትላችኋለች? አብዛኞቹ 1 እና 2 ጊጋ ነበሩ፣ በአዳፕተር ከገባች ለካሜራዋ ልክ እንደ ኤስዲ ናት፣ አዳፕተሩ ውስጥ ሽቦ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ኮምፒውተር ላይ ያለባትን ገልብጡ፣ ፎርማቱን ግን ካሜራዋ ራሷ ታድርገው።

በዚህ አጋጣሚ "ካርድ ሎክድ" የምትለውም መልእክት አለች። ካርዱ ጎን ላይ ያለችው ተንሸራታች ፕላስቲክ ካርዱን የምትቆልፍ ይመስላችኋል፣ ከምንም ጋር አልተያያዘችም እኮ፣ የት እንዳለች የሚዳስሰው ካሜራው ነው። ተሰብራ ከወደቀች ቦታዋ ላይ ትንሽ ፕላስተር መለጠፍ በቂ ነው።

ልጅቷ 32ቱ እምቢ ሲላት የአክስቴን የድሮ 256 ሜጋ ካርድ መልሳ ከተተችው፣ የካርዱ ወርቃማ ጥርሶች ስለቆሸሹ እሱም አልነበብ አለ፣ ካሜራዋ "ፎርማት ላድርግ?" ብላ ጠየቀች፣ እሷም እሺ አለች። የፈለገ ይምጣ ፎቶ ያለበት ካርድ ላይ ካሜራ ይሄን ሲጠይቃችሁ እሺ አትበሉ። አክስቴ ይሄን ስትሰማ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም፣ ልጅቷም አልቅሳ ጨርሳ ነበር።

ግን ፎርማት ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ማውጫው ነው፣ የትኛው ፎቶ የት ጋ እንዳለ የሚለው ዝርዝር። ፎቶው ራሱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ተኝቶ ይጠብቃል፣ ካሜራው ሙሉውን የሚያጸዳውን ረጅሙን ፎርማት ካላደረገ በስተቀር። ስለዚህ የመጀመሪያው ስራ ካርዱን ከካሜራ አውጥቶ አንድም ፎቶ አለማንሳት ነው። ጥርሶቹን በላጲስ ቀስ አድርጌ አሸሁ፣ ፍርፋሪውን እፍ አልኩ፣ ካርድ ሪደር ላይ ስሰካው ላፕቶፑ "ባዶ ነው" አለ፣ እሱም የሚያውቀው ማውጫውን ብቻ ነዋ። ሙሉ ካርዱን ቢት በቢት ወደ ላፕቶፕ ገለበጥኩ፣ ከዛ ፎቶሬክ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፣ እሱን በኮፒው ላይ አስነሳሁት። ፎቶሬክ ማውጫውን ከነመፈጠሩም አያየውም፣ ካርዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያነበበ የጄፔግ ፎቶ ሲጀምር ሁሌም ያለችውን ምልክት ይፈልጋል፣ ያገኘውን ሁሉ ኤፍ ብሎ ረጅም ቁጥር ሰጥቶ ያወጣል። መልኩ ያስፈራል፣ ጥቁር መስኮት ላይ ጽሁፍ ብቻ ነው፣ ግን አንዴ ከለመዳችሁት በፍለጋ ከሚገኙት "ክፈሉና እናወጣለን" ከሚሉት ብዙዎቹ ይበልጣል።

ፎቶዎቹ አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። አንዳንዱ ግማሽ ነው፣ ከላይ ኮርኒስ እና የሰው ጸጉር አለ፣ ከግንባር በታች ግራጫ። የፋይሉ ሌላ ቁራጭ ካርዱ ላይ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ከሆነ እንዲህ ይሆናል። የልጅነት ጓደኛዬ በአበባየሆሽ ልብስ እጇን ዘርግታ፣ ብዥ ያለ ቴሌቪዥን፣ ማንም የማያውቀው ሰውዬ፣ አስር የሚሆን የዶሮ ወጥ ፎቶ (አክስቴ ያኔም ኢንስታግራም ያስፈልጋት ነበር)። እማማም አለች፣ ሙሉ ሆና። በርጩማ ላይ ተቀምጣ ረከቦቱ ፊቷ ነው፣ ጀበናውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው አፏን ልትሸፍን ስትል ነው የተነሳችው፣ አልደረሰችም፣ ጥርሷ ይታያል። የፋይሉ ስም ቢጠፋም ውስጡ ያለው ቀን እና ሰዓት እንዳለ ነው። ወዲያው ለአክስቴ በቴሌግራም ላኩላት፣ "በፋይል ላኪው፣ ጥራቱን ይቀንሰዋል" ብላ መለሰች፣ ይሄን ማን እንዳስተማራት እንጃ። አሁን ሶስት ቦታ አስቀምጬዋለሁ።

ካሜራዋ ድንጋይ በወጣ ቁጥር ቀኑን ትረሳለች። ውስጧ ሰዓቱን የምትይዝ ትንሽ ማጠራቀሚያ አለች፣ ከዋናው ድንጋይ ነው የምትሞላው፣ ካረጀች አትይዝም። አንዳንድ ካሜራ ላይ ግን ክብ ትንሽ ባትሪ ሆና ከድንጋዩ ቤት አጠገብ በትንሽ መሳቢያ ትወጣለች፣ እሷ ትቀየራለች፣ ስለዚህ ተስፋ ሳትቆርጡ በፊት ፈልጉ። የኛዋን ለመቀየር መክፈት ያስፈልጋል እና አልከፍትም። ዩቲዩብ ላይ አራት ብሎን ፈትቶ በፈገግታ የሚከፍተውን ሰውዬ አይታችሁ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ፣ ፍላሹን የሚያበራው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው እቃ) እስከ 300 ቮልት አካባቢ ይይዛል፣ ድንጋዩ ወጥቶም፣ ካሜራው ጠፍቶም ብዙ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ትንሽ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ቦርድ ላይ ጣታችሁ ከነካው እጃችሁ ራሱ ካሜራውን ይወረውረዋል። የቤት ሶኬት 220 ነው ብላችሁ አስቡት።

እውነትም የሞተችውን ያየሁት የአንዲት ጎረቤቴ ላይ ነው፣ ከጂዳ የመጣች እ.ኤ.አ. የ2003 ሞዴል። ስክሪኗ ሐምራዊ ሆኖ መስመር መስመር ይላል። እንዲህ ሲሆን ስክሪኑ ይሁን ሴንሰሩ የሚለየው ቀላል ነው፣ የድሮ ፎቶ ክፈቱ፣ እሱም ከተበላሸ ስክሪኑ ነው፣ የድሮው ፎቶ ጥርት ብሎ ከታየ እና አሁን የምታነሱት ብቻ ሐምራዊ ከሆነ ሴንሰሩ ነው። (ቪዲዮ ደህና ሆኖ ፎቶ ብቻ ነጭ በነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ደግሞ ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባና የሚዘጋው መጋረጃ) ሳይዘጋ ቀርቷል ማለት ነው፣ እሱ አንዳንዴ መታ መታ ሲደረግ ይለቃል።) እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ አካባቢ ብዙ የካሜራ ፋብሪካዎች ከ2002 እስከ 2004 ባሉት ሞዴሎቻቸው ላይ ይሄ የሲሲዲ ችግር እንዳለ አምነው በነጻ ሲጠግኑ ነበር፣ የሴንሰሩ የውስጥ ግንኙነት በሙቀት እና በእርጥበት እየላላ ነው የሚሄደው። ጂዳ ደግሞ ሙቀቱም እርጥበቱም ሞልቷል። ያ ነጻ ጥገና ካለፈ ስንት ዘመኑ፣ ክፍሉን ዛሬ ከየት ታመጡታላችሁ።

"እትዬ፣ የርስዎ አይድንም" አልኳቸው።

"እኔማ ድሮም አላመንኳትም፣ ከፈለግሽ ውሰጃት" አሉ።

ውስጧ ያሉትን ፎቶዎች ለልጃቸው ስልክ ላይ ገልብጬ ሰጠኋቸው። ሚሞሪዋን ሳያት 1 ጊጋ ተራ ኤስዲ ናት፣ አስፈቅጄ አወጣኋትና ለአክስቴ ካሜራ ሰጠኋት፣ አንዴ ፎርማት ተደርጋ ሰተት ብላ ገባች።